ጉልበት ሁሉ በብርድ አይታመምም

ሰላም አዘጋጅ፤ የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን ይዞ መውጣት አለ። እናቴ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ብረቱን ይዛ ታርፋለች፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ ቋ ቋ ሲል ከኋላዋ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ሰፈሩ ሁሉ «ብርድ ነው» ይላታል። አንዷ ጎረቤት ቅባት፣ ሌላዋ ወጌሻ። እሷ ግን ያለ ማዘዣ ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ እየገዛች ለወራት ስትውጥ ከርማ ጨጓራዋን ላጠው፣ ደም ግፊቷም ጨመረ። ሲደጋገም ኩላሊትም እንደሚጎዳ ማንም አልነገራትም፣ ሻጩም ጭምር!

ሐኪም ሲያያት ነው የገባን፤ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ነገር ሳስቷል። ጠዋት ስትነሳ የሚይዛት መገተር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አንድ ሰዓት ቢያልፍና የሁለቱም እጅ ጣቶች ቢያብጡ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት ያስፈልጋል አለን። የታዘዘላት ቀላል ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ እስከ አስር መቁጠር፣ ሜዳ ላይ መራመድ፣ ክብደት መቀነስ። አንድ ኪሎ ሲቀንስ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል።

እስቲ ባለሙያ አናግራችሁ በሰፊው ጻፉልን። እኛ ለጊዜው ግራውንድ ላይ ካለ ሰው ጋር ቤት ለመቀያየር ሰው እያፈላለግን ነው።