የሻንሲ ቁጥር አጭር ስለሆነ የውሸት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጋራዥ አለኝ። የዘወትር ሥራዬ ባጃጅና ቡና የሚጭን አይሱዙ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ደንበኛዬ ከአባቱ የወረሳትን ኤምጂ ቢ ስፖርት መኪና ስም ለማዛወር መከራውን እያየ ነው።

የሄደበት መሥሪያ ቤት «የሻንሲ ቁጥሯ ጎዶሎ ነው፤ ፊደልና አሃዙ 17 መሆን አለበት» አለው። መርማሪው እንደ ላንድክሩዘር መስሎት ከስር ገብቶ ፈለገ። ከየት ይምጣ? ኤምጂ ቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ሁሉን የሚሸከመው ቦዲዋ ነው። ቁጥሯ ያለው ኮፈኑ ሲከፈት በቀኝ በኩል፣ ውስጠኛው ላሜራ ላይ በተያያዘች ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ነው። ይባስ ብሎ አንድ ደላላ «ምን ችግር አለው፣ አዲስ ቁጥር እናስመታላታለና!» ብሎ መክሮታል። ይህን ስሰማ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ባለ 17 ቁጥሩን አሜሪካኖች ግዴታ ያደረጉት ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ኤምጂ ቢ ደግሞ እንግሊዝ አገር አቢንግደን ውስጥ ከ1962 እስከ 1980 የተሠራች ናት። ባልነበረ ደንብ እንዴት ትጠየቃለች?

ሳህኗ «ጂ ኤች ኤን 3 ኤል» ብላ ትጀምራለች። ቀጥሎ ያለውን ተራ ቁጥር ለባለቤቱ ስል ልዝለለው። ጂ፣ ኤምጂ ማለት ነው። ኤች የሞተሩ መጠን ከ1400 እስከ 1999 ሲሲ ባለው ውስጥ መሆኑን ይናገራል፤ የሷ 1798 ነው። ኤን ጣሪያዋ የሚገለጥ ባለ ሁለት ወንበር ናት ማለት ነው። ጣሪያዋ ድፍን የሆነው ጂቲ ብትሆን በኤን ቦታ ዲ ይገባ ነበር። 3 የመጀመሪያው ስሪት ነው፤ በ1967 መጨረሻ 4 ተተካ። ኤል መሪዋ በግራ ነው።

የሞተር ቁጥሩ ደግሞ የበለጠ ያወራል። እሱም ብሎኩ ላይ በቀኝ በኩል በተመታች ሳህን ላይ ነው፣ ግራሶና ዘይት ውጧት። ብረት ብሩሽ አላስነካኋትም፤ ፊደሉን ይበላዋል። በላምባና በጥርስ ብሩሽ ካጸዳሁ በኋላ ጠመኔ አሸሁባት። ነጩ ፊደሉ ውስጥ ሲገባ ቁልጭ አለ፦ 18 ጂ ቢ፣ ዩ፣ ኤች። 18 የ1800 ሲሲ ነው። ቢ ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ በአምስት ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርባቸው መደገፊያዎች) የተያዘው ሞተር ነው፤ የወጣው በጥቅምት 1964። ከሱ በፊት የነበሩት ባለ ሦስት ናቸው። ዩ ማርሹ መሃል ላይ መሆኑን ያሳያል፤ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ለረጅም መንገድ የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ፣ ቢኖራት ከፊቱ አር ይጨመር ነበር። ኤች ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃ፣ ከፍተኛ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ኤል ቢሆን ኮምፕሬሽኑ ዝቅተኛ ነው ማለት እንጂ ከመሪ ጋር አይገናኝም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል።

ስለዚህ መኪናዋ ከ1964 መጨረሻ እስከ 1967 ባለው ጊዜ የተሠራች ናት። ሊብሬው «1958» ይላል። በፈረንጅ ካነበቡት ኤምጂ ቢ ገና አልተወለደችም። በእኛ ከሆነ ግን 1965 ወይም 1966 ይሆናል፤ ከሳህኖቹ ጋር ልክክ ይላል። ወረቀቱም ብረቱም አንድ ቃል ተናገሩ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ማስረጃ ይምጣ ከተባለም መንገድ አለ። እንግሊዝ ጌይደን የሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም የፋብሪካው መዝገብ አለው። ተከፍሎት መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን፣ ቀለሟን፣ የሞተር ቁጥሯንና የተላከችበትን አገር ጽፎ ይሰጣል። አዲስ ቁጥር ከተመታባት ግን ያ ወረቀት ዋጋ የለውም። ነገ ፖሊስ ቢያስቆመው የተሰረቀች ናት ቢል ማን ይፈርዳል? ገዢም ዞር ብሎ አያያትም።

ኮምፒዩተሩ አጭር ቁጥር አልቀበል ካለ ይስተካከል እንጂ መኪናዋ ለምን ትደበደባለች? ደንበኛዬ ለሙዚየሙ ሊጽፍ ነው። መልሱ እስኪመጣ መሥሪያ ቤቱ ፋይሉን እንዳይዘጋበት በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መካኒክ፣ ከጅማ