ስለተዘጉት ይግባኞቻችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በኮንቴይነር የላካችሁት ዕቃ ውሃ ገብቶበት ስለተበላሸና የመድን ድርጅቱ ካሳ አልከፍልም ስላለ ያቀረብናቸው ሁለት ይግባኞች መዘጋታቸውን ከእኛ ሳይሆን ከሌላ ሰው የሰማችሁ አላችሁ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ጠበቃ መቅጠር አቅቶት ገንዘባችንን አስበላው» የሚለውን ወሬ ግን በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ጉዳዩ በአሜሪካ ፌዴራል የወረዳ ፍርድ ቤት ሲታይ ጠበቃ ነበረን። ከተፈረደብን በኋላ ለይግባኙ የጠየቁትን ቅድሚያ ክፍያ ማሟላት ስላልቻልን ከጉዳዩ ወጡ። በዚያው ሰሞን የመጋዘን ኪራዩም የመድን ዐረቦኑም ጨምሮብን ነበር። በእጃችን የቀረው ገንዘብ ወይ ለጠበቃ፣ ወይ ወደብ የደረሰውን የሌሎቻችሁን ዕቃ ለማስወጣት እንጂ ለሁለቱም አይበቃም ነበር፤ እኔም ዕቃውን ማስወጣትን መረጥኩ። ዛሬም የምመርጠው እሱኑ ነው።

እንዲህ ባለ የፍትሐ ብሔር ክርክር የይግባኝ ማስታወቂያ የሚቀርበው ፍርዱ በተመዘገበ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ በዋናው ፍርድም ሆነ ወጪና ኪሣራ እንድንከፍል በተሰጠው ትእዛዝ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ይግባኝ 605 ዶላር ከፍዬ፣ ራሴ ፈርሜ አስገባሁ። ኩባንያ በፌዴራል ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መከራከር እንደማይችል ጠፍቶኝ አይደለም። ሰው የራሱን ጉዳይ ራሱ ይከራከራል፤ ኩባንያ ግን በሕግ ዓይን ከባለቤቱ የተለየ ሰው ስለሆነ፣ ብቸኛ ባለቤቱ እንኳ ስለ ኩባንያው ሲናገር ስለ ሌላ ሰው እንደተናገረ ይቆጠራል። ኩባንያው ቢከስር መኖሪያ ቤቴን ከዕዳ የሚጠብቅልኝም ይኸው ልዩነት ነውና በሕጉ አላማርርም።

በደሃ ደንብ፣ ማለትም የፍርድ ቤት ክፍያ ሳንከፍል እንድንከራከር፣ ለምን አልጠየቅህም ያላችሁኝም አላችሁ። ለችግረኛ እስረኞች በነጻ ይሰጥ የነበረው ትንባሆ ቀረ ብሎ የከሰሰ የካሊፎርኒያ እስረኞች ምክር ቤት ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1993፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ መብቱ የተፈጥሮ ሰው ብቻ ነው ሲል ወሰነ። ለእስረኞች ያልተፈቀደው ለእኛ ድርጅት አይፈቀድም።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ጠበቃ እንድናቀርብ ጊዜ ሰጥቶን ነበር። ያነጋገርናቸው ጠበቆች ግን ወይ የገንዘቡ መጠን ለይግባኝ ድካም አይመጥንም አሉ፣ ወይ ሙሉውን ክፍያ አስቀድመው ጠየቁ። ጊዜው አለቀ፤ መዝገቦቹም ተዘጉ። ፍርድ ቤቱ ክርክራችንን መርምሮ አልጣለውም፤ ወደ ፍሬ ነገሩም ገና አልገባም።

አሁን መዝገቦቹ እንደገና እንዲንቀሳቀሱና ጠበቃ የምናቀርብበት ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠን አመልክተናል። ራሴ ልከራከር አልጠየቅሁም። በየወሩ ተከፋፍሎ በሚከፈል ክፍያ ከአንድ ጠበቃ ጋር እየተነጋገርን ነው፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ግን የማመልከቻው ጊዜ አይጠብቀንምና ይህንንም የፈረምኩት እኔው ነኝ። በዚያው በፊርማዬ ምክንያት ውድቅ ሊሆን እንደሚችል አልደብቃችሁም።

ይህን ሥራ በብድር በገዛሁት አንድ ቫን ስጀምር ዕቃችሁን ያለ ደረሰኝ፣ በአደራ ብቻ የሰጣችሁኝ ዛሬ ከተቆጡት መካከል ትገኛላችሁ። ቁጣችሁ የከበደኝም ለዚህ ነው። ጭነታችሁን ወደ ሌላ ድርጅት ያዞራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አልቀየምም። ሆኖም ለጠበቃው የምንከፍለው እናንተ ከምታስጭኑት ዕቃ ከሚገኘው ገቢ ስለሆነ፣ ቢያንስ ፍርድ ቤቱ መልስ እስኪሰጠን ድረስ እንድትታገሱን እለምናችኋለሁ።

ዕቃው የተበላሸባችሁ ደንበኞች የደረሰኛችሁንና የፎቶግራፎቻችሁን ቅጂ ለቢሮአችን አድርሱልን፤ ዋናዎቹን ግን በእጃችሁ አቆዩ። ፍርድ ቤቱ የሚሰጠውን ትእዛዝ እንደደረሰን በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ