«የኮቪድ ዓመት» ተብሎ አይናቅብን፤ የአላባማ ምርጥ ዓመት 2020 ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ባለፈው እትም የስፖርት ገጻችሁ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በአሰልጣኝ ኒክ ሴባን ዘመን ያነሳቸውን ስድስት የአገር አቀፍ ዋንጫዎች ከአንድ እስከ ስድስት ደርድሮ አቅርቦልናል። ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ኮሌጅ ፉትቦል በአማርኛ እንዲህ ተጨንቆ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነውና ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ። ደረጃውን ግን አልቀበለውም። 2011ን አንደኛ፣ 2020ን አራተኛ አድርጓል። ለአራተኝነቱ የሰጠው ምክንያት ደግሞ የኮቪድ ዓመት ስለነበረ ሙሉ ውድድር አይባልም የሚል ብቻ ነው። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ የአንድ ዓመት ውድድር ዋንጫው የሚነሳው በቀጣዩ ጃንዋሪ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የምኖረው አትላንታ ነው። መሀል ከተማ፣ ስታዲየሙ አካባቢ ባለ ፓርኪንግ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው ኤስ ኢ ሲ የሚለው የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ የዋንጫ ጨዋታውን በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ እዚሁ ከተማችን ያደርጋል። ቀይ የለበሰውን የአላባማ ደጋፊ የተዋወቅኩት መኪናውን እየተቀበልኩ፣ በቡድኑ መፈክር «ሮል ታይድ!» ሲለኝ «ሮል ታይድ!» እያልኩ ነው። በ2019 ልጄ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ዩኒቨርሲቲው ያለባት ከተማ ተስካሉሳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሥራ ቦታዬ አልፎ ቤቴ ገባ። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥናችን ላይ ያለው አላባማ ነው።

ጸሐፊው 2011ን ያስቀደመው በዲፌንሱ፣ ማለትም በመከላከሉ ነው። በዲፌንሱ ላይ ክርክር የለኝም። ዶንታ ሃይታወር፣ ማርክ ባረን፣ ኮርትኒ አፕሾ፣ ድሬ ኪርክፓትሪክ የነበሩበት ያ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ የገባበት 8 ነጥብ ገደማ ብቻ ነበር። በነጥብም፣ በጠቅላላ ያርድም፣ በሩጫም፣ በፓስም ከአገሪቱ አንደኛ ነው። ኒው ኦርሊንስ ላይ በፍጻሜው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ኤል ኤስ ዩን 21 ለ 0 ያሸነፉ ዕለት ኤል ኤስ ዩ የሜዳውን አጋማሽ የተሻገረው አንዴ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 27 ቀን አውሎ ነፋስ ተስካሉሳን መትቷት በከተማዋ ከ50 ሰው በላይ ሞቷል። ልጄ ቤት ያከራየቻት አሮጊት ያ ዋንጫ ለከተማው ምን እንደነበረ ሲነግሯት እንባቸው ቀድሟቸዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አከብራለሁም።

የተነሳው ጥያቄ ግን ምርጡ ዲፌንስ የቱ ነው የሚል አልነበረም፤ ምርጡ ዓመት የቱ ነው የሚል ነው። ዓመት ደግሞ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ መጨረሻው ይቆጠራል። የ2011ዱ አላባማ ኖቬምበር 5 ቀን በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ አራት ፊልድ ጎል (በእግር የሚመታ የሦስት ነጥብ ኳስ) ስቶ በተጨማሪ ሰዓት 9 ለ 6 ተሸንፏል። ያሸነፈው ራሱ ኤል ኤስ ዩ ነው። በዚህም ምክንያት አላባማ የራሱን ምድብ እንኳ ሳያሸንፍ ቀረ፤ አትላንታ መጥቶ ጆርጂያን 42 ለ 10 የረታው ኤል ኤስ ዩ ነው። ያን ቅዳሜ ፓርኪንጋችንን የሞላው ሐምራዊና ወርቃማ ቀለም ነበር፤ የአላባማ ባንዲራ የሰቀለ አንድ መኪና አልገባልኝም። ከዚያ ሁለቱን የፍጻሜ ቡድኖች የሚለየው የደረጃ ስሌት አላባማን ሁለተኛ አደረገውና አንዴ ብቻ የተሸነፈው ኦክላሆማ ስቴት ቤቱ ቀርቶ፣ አላባማ ከዚያው ካሸነፈው ቡድን ጋር እንደገና ተገናኘ። ዕድሉን ተጠቅሞበታል፤ ዋንጫውም የሚገባው ነው። ነገር ግን ሌላው ሁለተኛ ዕድል ያላስፈለገው ዓመት እያለ ይህን አንደኛ ማድረግ ፍርድ ማጓደል ነው።

አሁን ወደ 2020 ልምጣ። ጽሑፉ አሥር ጨዋታ ብቻ እንደተደረገ አድርጎ አልፎታል። አሥሩ መደበኛው ነው፤ የኮንፈረንሱ ዋንጫና ሁለቱ የፕሌይኦፍ (የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ) ጨዋታዎች ሲጨመሩ 13 ይሆናሉ። አሥራ ሦስቱንም አሸንፈዋል። የ2011ዱም ቡድን የተጫወተው 13 ነው፤ ስለዚህ በቁጥር ያጠረ ነገር የለም። ልዩነቱ ያለው ከማን ጋር ተጫወቱ በሚለው ላይ ነው። በ2011 ከኬንት ስቴት፣ ከኖርዝ ቴክሳስና ከጆርጂያ ሳውዘርን ጋር ተጫውተው ሦስቱንም እንደ ልማዱ በሰፊው አሸንፈዋል። በ2020 ኮንፈረንሱ በመደበኛው ውድድር ከውጭ ቡድን ጋር መጫወትን ስለከለከለ እንዲህ ያለ የማረፊያ ቅዳሜ አልነበረም። አሥሩም ሳምንት ኤስ ኢ ሲ፣ ከዚያ ፍሎሪዳ፣ ከዚያ ኖተርዳም፣ ከዚያ ኦሃዮ ስቴት! በዓመቱ መጨረሻ በወጣው የአሶሺየትድ ፕሬስ ደረጃ ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛና ሰባተኛ የወጡት ኦሃዮ ስቴት፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ኖተርዳምና ጆርጂያ አራቱም በዚህ ቡድን የተሸነፉ ናቸው፤ አራቱም ቢያንስ በ17 ነጥብ ልዩነት። ከአሥራ ሦስቱ መካከል ከ15 ነጥብ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈው ፍሎሪዳ ብቻ ነው። አላባማ በአማካይ ያስቆጠረው ከ48 ነጥብ በላይ ነው።

ድክመቱን አልደብቅም። ኦክቶበር 10 ቀን ኦል ሚስ የሚባለው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 48 ነጥብ አስቆጥሮባቸዋል፤ ጨዋታው 63 ለ 48 ሲያልቅ ሴባን እንደተሸነፈ ሰው ነበር ፊቱ። በሳምንቱ ጆርጂያ እስከ ዕረፍት 24 ለ 20 መርታለች። ሰፈሬ ጆርጂያ ስለሆነ ጎረቤቶቼ ያን ምሽት እስከ ዕረፍት ድረስ ምን ያህል እንደጮኹ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዕረፍት በኋላ ግን ጆርጂያ አንድም ነጥብ አላገኘችም፤ አላባማ 21 ጨምሮ 41 ለ 24 ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ሚሲሲፒ ስቴት 41 ለ 0፣ ኬንታኪ 63 ለ 3፣ አርካንሳስ 52 ለ 3። ቡድኑ እየተጫወተ ዲፌንሱን ሠራ። እኔ ይህን ከ2011ዱ ዲፌንስ አላስበልጥም፤ ኦፌንሱ (ማጥቃቱ) ግን በሴባን ዘመን ከታዩት ሁሉ አቻ የለውም። በዚያ ዓመት ለኮሌጅ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው የሃይዝማን ሽልማት ድምፅ ሲቆጠር ኳስ ተቀባዩ ዴቮንታ ስሚዝ አንደኛ፣ ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባክ ማክ ጆንስ ሦስተኛ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ራኒንግ ባክ ናጂ ሃሪስ አምስተኛ ሆኑ። ከአምስቱ ሦስቱ ከአንድ ቡድን! ተቀባይ ሃይዝማንን ሲወስድ ከ1991 በኋላ ስሚዝ የመጀመሪያው ነው። በቀጣዩ ኤፕሪል በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤን ኤፍ ኤል የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ላይ ከዚህ ቡድን ስድስት ልጆች ተጠርተዋል።

ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ስሚዝ፣ ሃሪስና የመስመር ተጫዋቹ ሌዘርውድ ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ኤን ኤፍ ኤል ሄደው ሚሊየነር መሆን ይችሉ ነበር። ኳርተርባኩ ቱዋ ታጎቫይሎዋ፣ ተቀባዮቹ ጄሪ ጁዲና ሄንሪ ራግስ ሲሄዱ እነሱ ለአራተኛ ዓመታቸው ተመለሱ። ከተመለሱ በኋላ ነው ወረርሽኙ የመጣው። የፀደይ ልምምድ ተሰረዘ፤ ውድድሩ ወደ ሴፕቴምበር 26 ተገፋ። በየሳምንቱ ምርመራ አለ፤ ማን ነገ እንደሚጫወት የሚታወቅ ነገር የለም። ከኤል ኤስ ዩ ጋር የነበረው ጨዋታ ሦስት ሳምንት ተገፍቷል። ኦበርንን 42 ለ 13 ባሸነፉበት ቀን ሴባን ራሱ ተይዞ ቤቱ ነበር፤ ቡድኑን የመራው ረዳቱ ስቲቭ ሳርኪሲያን ነው። ጸሐፊው ኮቪድን ለማቃለያ ጠቀሰው። እኔ በኮቪድ ምክንያት ነው ከፍ የማደርገው።

ኦገስት 31 ቀን 2020፣ ገና አንድም ጨዋታ ሳይደረግ፣ ልጄ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ስልኳን ዞር አድርጋ የምታሳየኝ ተጫዋቾቹ በግቢው ውስጥ ሲሄዱ ነው። ጥቁሩም ነጩም ማስክ አድርጎ፣ ሴባንም አብሯቸው አለ። ሰልፉ የቆመው ፎስተር አዳራሽ ደጃፍ ላይ ነው። ጁን 11 ቀን 1963 አገረ ገዥው ጆርጅ ዋላስ ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ የተባሉ ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ በሩን ይዞ የቆመበት ያው አዳራሽ ነው። እዚያ በር ላይ ናጂ ሃሪስ ንግግር አደረገ። ልጄ ምንም አልተናገረችም፤ ስልኩን ብቻ ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ፣ መኪና የሚጠብቅ ሰው እያለ፣ ማየት ማቆም አልቻልኩም። ይህ ነገር በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ አይገባም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ አንድ ቡድን ዓመት ሲወራ ከዚህ ካልተጀመረ ከየት ይጀመራል?

ስለ ሌሎቹ ዓመታት ረጅም አልጽፍም። 2009ን ጸሐፊው ሁለተኛ አድርጎታል፤ እኔም እዚያው እተወዋለሁ። 14ቱንም ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ማርክ ኢንግራም ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ሃይዝማን አመጣ፤ የፍሎሪዳውን ኳርተርባክ ቲም ቲቦውን አትላንታ ላይ ያስለቀሱት እነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ቴነሲን 12 ለ 10 ያሸነፉት በመጨረሻዋ ምት ላይ የተከላካዩ የቴረንስ ኮዲ እጅ ደርሳላቸው ነው። 2012ም፣ 2015ም፣ 2017ም እያንዳንዳቸው አንድ ሽንፈት አላቸው። የ2017ቱ ፍጻሜ እዚሁ አትላንታ ሲደረግ በዝናብ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ስሠራ ነበር፤ ቱዋ ለስሚዝ የወረወራት የ41 ያርድ ኳስ እስከ ዕድሜ ልኬ ከዓይኔ አትጠፋም። አንዲት ኳስ ግን ዓመት አትሆንም። ኃይሌ ነው ቀነኒሳ እያልን ስንከራከር አንድ ውድድር ብቻ መዘን አናውቅም።

ከፍሎሪዳ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ዲሴምበር 19 ነበር። በሌላ ዓመት ለዚያ ጨዋታ ፓርኪንጋችን ገና ከሰዓት በፊት ይሞላል። በዚያ ምሽት ከግማሽ በላዩ ባዶ ነበር። ጾመ ነቢያት ነበርና ባለቤቴ ያሰረችልኝን ሽሮ በማሞቂያው አጠገብ አድርጌ፣ በጠባቧ ዳስ ውስጥ በስልኬ አየሁት። ናጂ ሃሪስ አምስት ተችዳውን (የስድስት ነጥብ ጎል) አገባ። ስሚዝ 15 ኳስ ያዘ። ፍሎሪዳ ግን አልሞት ብላ እስከ መጨረሻው ታገለች፤ 52 ለ 46። በአራተኛው ሩብ መጨረሻ ላይ ሴንተሩ ላንደን ዲከርሰን ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ኳሱን ለኳርተርባኩ የሚያቀብለው፣ የመስመሩ አባት የሚባለው ልጅ ነው። በጋሪ ነው ያወጡት። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር።

ዋንጫው ጃንዋሪ 11 ማያሚ ላይ ነበር። ገና ካለፈ አራተኛ ቀኑ ስለሆነ ቤታችን ገና ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል፤ ልጄም ለበዓሉ መጥታ አልተመለሰችም። ስሚዝ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 12 ኳስ፣ 215 ያርድ፣ ሦስት ተችዳውን ሠርቶ ከዕረፍት በኋላ ጣቱን ተጎድቶ ወጣ። ሌላው ተቀባይ ጄይለን ዋድል ኦክቶበር ላይ የተሰበረ ቁርጭምጭሚቱን እያነከሰ ኳስ ይዟል። ኦሃዮ ስቴት 52 ለ 24 ተሸነፈ። ጥቂት ሰከንድ ሲቀር፣ ኳርተርባኩ ተንበርክኮ ሰዓቱን ሊጨርስ ሲል፣ ካሜራው ወደ መስመሩ ቀረበ። ልጄ «ባባ፣ እሱ ነው! ዲከርሰን ነው!» ብላ ከሶፋው ተነሳች። ጅማቱ ከተበጠሰ ሦስት ሳምንት አልፎት፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ በሁለት እጁ ኳሱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ነበር። ወደ ኋላ አቀበላት። ጓደኞቹ ከግራም ከቀኝም ያዙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አትላንታ፣ ጆርጂያ