አሰልጣኝ ወደ ባላንጣ ክለብ ሲሻገር፦ ለከተማ ስፖርት ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

አንድ አሰልጣኝ ከከተማው አንዱ ክለብ ወጥቶ ወደ ባላንጣው ሲገባ፣ ከመጀመሪያው ደርቢ በፊት ወደ ቢሮዎ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፤ «የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ይከልከልልን» የሚል ነው። እኛ የስታዲየም ደኅንነት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ እንዳይቀበሉት እንለምንዎታለን። በምትኩ ምን ቢደረግ ሰው በሰላም ገብቶ በሰላም እንደሚወጣ በቁጥር እናሳይዎታለን።

እገዳ መፍትሔ የሚመስለው ጠቡ በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል ብቻ የሚነሣ ስለሚመስል ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2022 በኢንዶኔዥያ ካንጁሩሃን ስታዲየም አሬማ እና ፐርሰባያ ሲጫወቱ የፐርሰባያ ደጋፊዎች እንዳይመጡ ተከልክለው ነበር። አሬማ በሜዳው 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ የራሱ ደጋፊዎች ወደ ሜዳ ገቡ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ ጭሱ ሰው ወደተቀመጠበት ደረጃ ሄደ። ሕዝቡ ወደ ጠባብ መውጫዎች ሲሮጥ ተረጋግጦና ታፍኖ 135 ሰው ሞተ። ባላንጣው በቦታው አልነበረም። የገደለው ጭሱና በሩ ነው። የፊፋ የስታዲየም ደኅንነት ደንብ አስለቃሽ ጭስ በስታዲየም ውስጥ መያዝንም መጠቀምንም ይከለክላል። ስለዚህ ከፖሊስ አዛዡ ጋር በሚፈራረሙት ዕቅድ ላይ ይህ ክልከላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ በቃል ብቻ አይቅር።

አሰልጣኙን በተመለከተ፣ አደጋው የሚጀምረው በጨዋታው ቀን ሳይሆን ዝውውሩ በተነገረበት ቀን ነው። አሌክስ ማክሊሽ እ.ኤ.አ. በጁን 2011 ከበርሚንግሃም ሲቲ ወደ ከተማው ባላንጣ አስቶን ቪላ ሲሄድ ደጋፊዎች ገና ሳይፈርም በቪላ ስታዲየም ደጅ ተሰለፉ። በሊቨርፑል ስድስት ዓመት የሠራው ራፋኤል ቤኒቴዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የከተማውን ባላንጣ ኤቨርተንን ሊይዝ ሲል የሚያስፈራራ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ በሚኖርበት ሰፈር ተሰቀለ። ስለዚህ ክለቡ ዜናውን ከማውጣቱ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ ለፖሊስ ያሳውቅ። ጥበቃው ከስታዲየሙ በፊት በአሰልጣኙ ቤትና በልምምድ ሜዳው ይጀመር። የሚለቀው ክለብም ነገሩን ከጋዜጠኛ አፍ እንዳይሰማ። ደጋፊን ከዝውውሩ ይልቅ የሚያንገበግበው መደበቁ ነው።

መርሐ ግብሩም መሣሪያ ነው። ሃሪ ሬድናፕ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ፖርትስመዝን ለቆ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ወደ ባላንጣው ሳውዝሃምፕተን ገባ። የቀድሞ ክለቡን መጀመሪያ ያገኘው በጃንዋሪ በራሱ አዲስ ሜዳ ሲሆን፣ ወደ ፖርትስመዝ ሜዳ የሄደው ኤፕሪል 24 ቀን 2005 ነው፤ ቡድኑም 4 ለ 1 ተሸነፈ። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ ቢሆንም ጠቃሚ ነው፤ ቁጣው ትኩስ ሳለ አሰልጣኙ በቀድሞ ደጋፊዎቹ መካከል አልቆመም። ፌዴሬሽኑ ዕጣውን መገልበጥ ከቻለ የመጀመሪያው ግጥሚያ በአዲሱ ክለብ ሜዳ እንዲሆን ይጠይቁ። ካልተቻለ ደግሞ ጨዋታው በቀን ብርሃን ተጀምሮ ደጋፊው ቤቱ እስኪገባ ባይመሽ እንመርጣለን።

አሁን ወደ መግቢያው እንምጣ። ሰው የሚሞትበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነውና ታግሠው ያንብቡልን።

ለእንግዳው ቡድን 3,000 ትኬት ተሰጠ እንበል። አንድ ፈታሽ አንድን ሰው በ10 ሰከንድ ቢፈትሽ በሰዓት 360 ሰው ያስገባል። ለደርቢ ፍተሻው ስለሚጠብቅ 15 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያኔ 240 ብቻ ነው። ደጋፊው በአብዛኛው የሚደርሰው በመጨረሻው አንድ ሰዓት ስለሆነ 3,000ውን ለማስገባት 13 ፈታሽ ያስፈልጋል። በሩ ላይ 5 ሰው ቆሞ ከሆነ ግን ፊሽካው ሲነፋ 1,800 ሰው ውጭ ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ትኬት ይዘዋል፤ ከውስጥ ጩኸቱን ይሰማሉ። ከኋላ ያለው ፊት የሆነውን አያይም፤ ወረፋው የቆመ መስሎት አንድ እርምጃ ይጠጋል። ያ አንድ እርምጃ ከመቶ ሰው ሲደመር ፊት ያለውን ሰው ደረቱን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ሰው እጁን ወደ ፊቱ ማንሣት ካቃተው፣ ወይም ሳይራመድ ሰውነቱ ወደ ጎን ከተወዛወዘ መጨናነቁ ከልክ አልፏል። አስተናባሪዎች ይህን ምልክት እንዲያውቁ ይሠልጥኑ።

በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ቆመው ለሚያዩ 10,100 የሊቨርፑል ደጋፊዎች የተመደቡት ሰው አንድ በአንድ የሚያልፍባቸው 7 መዞሪያ በሮች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት የእንግሊዝ መመሪያ በአንድ መዞሪያ በር በሰዓት ከ660 ሰው በላይ እንዳይታሰብ ያዛል። በዚህ ስሌት ያን ሕዝብ ማስገባት ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ውጭ ያለው ግፊያ ሲያስፈራ ፖሊስ የመውጫ በር አስከፈተ፤ ሕዝቡ ፊት ለፊቱ ወዳገኘው መተላለፊያ ገብቶ አስቀድሞ በሞላው የመሀል አጥር ውስጥ ተከማቸ። የጨዋታው መጀመሪያ ሰዓት አልተራዘመም። 97 ሰው ሞተ።

ስለዚህ የራስዎን በር ይለኩ። በማንኛውም ተራ ጨዋታ አንድ ሰው በስልኩ ሰዓት ይዞ በአንድ ፈታሽ በኩል የሚያልፉ 50 ሰዎችን ይቁጠር። 50 ሰው በ10 ደቂቃ ካለፈ ለእያንዳንዱ 12 ሰከንድ፣ በሰዓትም 300 ማለት ነው። ሴት ፈታሾችን ለብቻ ይቁጠሩ። ለሴቶች አንዲት ፈታሽ ብቻ መድቦ መስመሩን ማዘግየት ብዙ ጊዜ የምናየው ስሕተት ነው። ትኬት የሚታይበት የመጀመሪያ ኬላ ከበሩ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ትኬት የሌለው ሰው በሩ ድረስ ከመጣ በኋላ በሕዝቡ መሀል ወደ ኋላ መመለስ አይቻልምና። ጨዋታው ሊጀመር 30 ደቂቃ ሲቀር ውጭ ያለው ሕዝብ ይቆጠር። በቀረው ጊዜ የማይገባ ከሆነ መጀመሪያው 15 ደቂቃ ይራዘም፤ ማራዘሙም በውጭ ድምፅ ማጉያ ይነገር። ውስጥ ብቻ ቢነገር የሚገፋው ሰው አይሰማውም። ይህን የሚወስነው አንድ ሰው ይሁን፤ ስሙም በዕቅዱ ላይ ይጻፍ።

መውጫው ሌላ ስሌት አለው። በዚያው የእንግሊዝ መመሪያ በደረጃ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 66 ሰው፣ በሜዳማ መንገድ 82 ሰው ይወጣል፤ ሁሉም ከ8 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መውጣት አለበት። የ1.2 ሜትር ደረጃ በደቂቃ 79 ሰው ያስወጣል፤ ለ3,000 ሰው አምስት እንዲህ ያሉ መውጫዎች ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ተቆልፈው ሁለቱ ብቻ ክፍት ከሆኑ 19 ደቂቃ ይፈጃል። በግብፅ ፖርት ሰኢድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 የአል አህሊ ደጋፊዎች ጥቃት ሲደርስባቸው የሸሹበት መውጫ ተቆልፎ ነበር፤ 74 ሰው ሞተ። ከቁልፍ ይልቅ በሰው የሚጠበቅ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር እንፈልጋለን፤ ጠባቂውም ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሰው ከበሩ አይነቀል። እንግዳው ደጋፊ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ትኬቱ ላይ ይጻፍ። መብራቱ አይጥፋ፤ ውኃና መጸዳጃ ቤቱም አይዘጋ።

ስለ አሰልጣኙ በሜዳ ያለ ደኅንነት የምንለው አጭር ነው። በራሱ መኪና ሳይሆን ከቡድኑ ጋር በአውቶቡስ፣ ጨዋታው ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀር ይግባ። ተጠባባቂ ወንበሩ ከቀድሞ ደጋፊዎቹ ፊት ለፊት ከሆነ ከተጋጣሚው ጋር ይቀያየር፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ከፍ ብሎ የሚበርና የሚጎዳ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ነው፤ ባዶው ቅርብ ይወድቃል። መጠጥ በወረቀት ኩባያ ይሸጥ፤ በፍተሻም የጠርሙስ ክዳን ይወሰድ። ስድብና ፉጨት ግን ይኖራል፤ ያንን ለማፈን ፖሊስ ወደ ደረጃው አይላክ። ደጋፊ የተከዳ መስሎት ቢጮህ መብቱ ነው፤ ፍቅሩም ያለው እዚያው ነው።

ከቢሮዎ የምንጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከደርቢው 10 ቀን በፊት ባለሜዳው ክለብ ለእንግዶች የተሰጠውን ትኬት ብዛት፣ የፈታሾችን ቁጥርና የተለካ ፍጥነት፣ የእያንዳንዱን መውጫ ስፋት በሜትር፣ የእያንዳንዱን በር ጠባቂ ስም ጽፎ ያስገባ። ሦስት ቀን ሲቀር የእርስዎ ሰው ሜትር ይዞ በሮቹን ይዙር፤ ከሁለቱም ክለብ አንድ አንድ የደጋፊ ተወካይ አብሮት ይሂድ። ወረቀቱና በሩ ካልተስማሙ የእንግዳው ትኬት ቁጥር በሩ በሚችለው ልክ ይቀነስ፤ 1,200 ከሆነም 1,200 ሰው ገብቶ ቡድኑን ይይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስታዲየም ደኅንነት ባለሙያዎች