ይድረስ ለግራኙ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12

ግራኙ፣

እጅህ አሁንም በቀለም ሰማያዊ ነው? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው ብዬ ልጀምር። የልጅህን ክርስትና ቀረሁ፤ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ስልክህን ስንቴ አውጥቼ ስንቴ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ወር ሲያልፍ ያሳፍራል፤ ሁለት ዓመት ሲሆን ደግሞ "ምን ብዬ?" ይመጣል። በቃ ይቅር በለኝ። ጉዳይ አለኝ።

ዕቁብ ደረሰኝ። ለቤት የሚገባው ገባ፤ አምስት ሺህ ብር ለራሴ ደበቅኩ። ብዕር ልገዛ ነው። እስክሪብቶ አላልኩም፣ ብዕር፣ ቀለም የሚሞላው። አትሳቅ።

ገበያው አካባቢ ያለ አንድ ሰዓት ሠሪ መስታወቱ ውስጥ ጥቁር ፓርከር 51 አስቀምጧል። መጀመሪያ ሂሮ መስሎኝ ነበር፤ ቻይናዎቹ መልኩን ቁጭ አድርገውት የለ? ፈትቼ ሳየው ውስጡ ያለው ብረት ላይ ፓርከር 51 ይላል። መጫኛውን ስድስት ጊዜ ተጫን የሚል መመሪያም ተቀርጾበታል። እንግዲህ በፈረንጅ ከ1948 ወዲህ የወጣው ዓይነት ነው። የእሱ የቀለም ከረጢት ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ ድሮው ጎማ ደርቆ አይሰነጠቅም።

ሰውየው በቡና ሲኒው ውሃ ሰጠኝ። ጫፉን ነክሬ ስጫነው ቡልቅ አለ። ከረጢቱ ተበስቶ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር። ሦስተኛው ላይ ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ከስንት ዓመት በፊት የደረቀ የማን ቀለም እንደሆነ እንጃ! እኔ በሐሳብ ስሄድ ሰውየው "ኧረ ሲኒዬን!" አለ።

ዋጋው አራት ሺህ ተኩል። ሦስት መቶ ብር ቀብድ ሰጥቻለሁ።

በሌላ በኩል የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ከጀርመን ሊመጣ ነው፤ ላሚ ሳፋሪ የሚባለውን የጀርመን ብዕር አዲሱን ላምጣልህ ብሎኛል። እሱ ርካሽ ነው። ጫፉ ቢበላሽ መንቀል ነው፣ ሌላ መሰካት። የፓርከሩ ጫፍ ወርቅ ነው፤ ግን ከነሽፋኑ የተቀበረ ስለሆነ አንድ ቀን ቢወድቅብኝ እዚህ ማን ይፈታልኛል? ደግሞ ወፍራም ይጽፋል። የኛ ደብተር ቀለም ይጠጣል፤ የ"ሜ" እና የ"ቄ" ቀለበት ተደፍኖ ነጥብ ይሆናል። ላሚውን ቀጭኑን ማዘዝ እችላለሁ። መያዣው ሦስት ማዕዘን መሆኑ ብቻ ይደብረኛል፤ ጣትህን እዚህ አድርግ እያለ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ያዝሃል። ከጠርሙስ ቀለም መሳቢያውም ለብቻው ነው የሚገዛው።

ጎረቤታችን መሪጌታ ጉዳዩን ሰምተው ራሳቸው ያዘጋጁትን የብራና ቀለም ላካፍልህ አሉኝ። ጥላሸት ነው! ለመቃ ብዕር ግሩም፣ ለፓርከር ግን ሲሚንቶ። እንዴት እምቢ እንደምላቸው ጨንቆኝ ሰነበተ።

አእምሮዬ ላሚውን ይላል። ልቤ ግን... እንዴት ልበልህ። ያቺ ያንተ ፓርከር አልተሰረቀችም።

ገበያ ውስጥ ኪሴን ገቡብኝ ያልኩህ ውሸት ነው። ወደ ዘጌ ስንሄድ፣ ያኔ አንተ ታመህ የቀረህ ጊዜ፣ ጀልባው ላይ ጎንበስ ብዬ ፊቴን ልታጠብ ስል ከሸሚዝ ኪሴ አመለጠች። ጠብ ስትል እንኳ በሞተሩ ድምፅ አልሰማኋትም። ክዳኗ ኪሴ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ወረወርኩት። ምን አስቤ እንደሆነ አትጠይቀኝ። ማታ ስነግርህ አንተ ነህ ያጽናናኸኝ፣ ሻይ ሁሉ ጋበዝከኝ። ያ ሻይ እስካሁን አልወረደልኝም። ጣና ዳር በሄድኩ ቁጥር ውሃውን አያለሁ፤ እንደ ሞኝ።

ስለዚህ ያንን ጥቁር ፓርከር የምፈልገው ለመጻፍ ይሁን አንተን ለመካስ እኔም አልለየልኝም። አንተ ብትይዘው ይሻላል ልል ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ወድጄዋለሁ።

ሰዓት ሠሪው እስከ ቅዳሜ ነው የሚይዝልኝ። ፖስታ ስለማይደርስ ይህንን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። የቱን ልግዛ? የቱም ቢሆን አዲስ አበባ የጠርሙስ ቀለም ካገኘህ አንድ ያዝልኝ፤ ሰማያዊ ይሁን፣ የሥዕል ቀለም ግን እንዳይሆን። ተሳድበህም ቢሆን መልስልኝ።

እስክሪብቶዬ አለቀ። በልጄ እርሳስ ነው የጨረስኩት።

ያው እኔ