ኮምፒውተሮቻችንን እናድሳቸው እንጂ አንጣላቸው፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የጋራ ኮምፒውተር ክፍላችን ተጠቃሚዎችና ወዳጆች፣

ማይክሮሶፍት ኮምፒውተሮቻችን ለሚሠሩበት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሮቻችን ዛሬም ይከፈታሉ፣ ይጻፍባቸዋል፣ ይታተምባቸዋል። «ታዲያ ምን ጎደላቸውና ነው መዋጮ የምትጠይቁን?» የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው።

የጎደላቸው የደህንነት ማሻሻያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚገኝ ክፍተት መድፈኛው በመደበኛው አፕዴት አይመጣም። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ አሳይቷል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ይህ ቫይረስ የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ አስፈትቷል፤ የገባውም መድፈኛው ከወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ሳለ፣ ሳይታደሱ በቆዩ ኮምፒውተሮች በኩል ነበር። መድፈኛ እያለ እንዲያ ከሆነ፣ ጭራሽ በሌለበት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጉዳቱ በአንድ ሰው አይቆምም። ጠዋት አንዱ በፍላሽ ይዞት የገባው ቫይረስ፣ ከሰዓት በኋላ የሥራ ማመልከቻ የምትሞላውን ልጅ ኢሜይል ይነካል።

ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው ወደ 11 ለማሻገር አይከፍልም። እኛን የሚያግደን ማሽኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብቻ ይቀበላል። አብዛኞቹ የኛ ማሽኖች ከዚያ የቀደሙ ናቸው። ፍተሻውን ዘሎ በግድ መጫን እንደሚቻል እናውቃለን፤ ይህንኑ የመከሩንም አሉ። አልተቀበልነውም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነበት ማሽን አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፤ የምንሸሸውም ይህንኑ ነው። ለድርጅቶች የሚሸጠው የተራዘመ ድጋፍ ደግሞ ቢበዛ 3 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ዋጋውም በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ያን ሁሉ ከፍለን በመጨረሻ የሚተርፈን ያው አሮጌ ማሽን ነው።

ስለዚህ መስፈርቱን የሚያሟሉት ጥቂቶች ወደ ዊንዶውስ 11 ይሻገራሉ፤ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ሰው በእነሱ ይጠቀማል። በቀሩት ላይ በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሊኑክስ ሚንት የተባለ ሥርዓት እንጭናለን። በነፃ የሚገኝ ነው፤ 22ኛው እትም እስከ 2029 የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል፤ የኢንተርኔት መክፈቻው ፋየርፎክስና እንደ ዎርድ ሰነድ የሚጻፍበት ሊብሬኦፊስም አብረውት ይመጣሉ። ዊንዶውስ የለመደ ሰው ብዙም አይቸገርበትም። እርግጥ በዎርድ የተሠራ ሰነድ በሊብሬኦፊስ ሲከፈት አንዳንዴ አሰላለፉ ይዛባል፤ አማርኛ መጻፊያውም ከለመድነው ሊለይ ይችላል። አዛውንቶቻችን በዚህ ምክንያት ከክፍሉ እንዲቀሩ ስለማንፈልግ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያሳያቸው ሰው በጣም ያስፈልገናል።

ከዕቃ በኩል አንዱ የምንለምነው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ማከማቻ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ምክንያት ነው፤ እሱ ብቻ ሲቀየር ሰው ሌላ ማሽን የተሰጠው ይመስለዋል። ራምም ቢሆን እንቀበላለን። ከሁሉም በፊት ግን ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) የምንይዝበት ትልቅ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እንፈልጋለን፤ ያለ ባክአፕ አንድም ማሽን አንነካም። የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ካላችሁ ትውልዱን ባታውቁትም አምጡት፣ እኛ እናየዋለን፤ ከመስጠታችሁ በፊት ግን የግል ፋይላችሁን አውጡ፣ ከአካውንታችሁም ውጡ።

የገንዘብ መዋጮው የሚውለው ለነዚሁ መለዋወጫዎች ብቻ ነው። አዲስ ኮምፒውተር አንገዛበትም። የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል።

መዋጮውንም ሆነ ዕቃውን ለክፍሉ አስተባባሪዎች አስረክቡ። ሥራው የሚጀመረው የባክአፕ ዲስኩ በተገኘ ማግስት ስለሆነ፣ በክፍሉ ኮምፒውተሮች ላይ ፋይል ያስቀመጣችሁ ሁሉ ከወዲሁ ወደ ራሳችሁ ፍላሽ ገልብጡ።