ለቤዝ ተጫዋቿ ልጄ

ውድ ልጄ፣

መልእክትሽን አነበብኩት። «ቤዙን ትቼ ወደ ሊድ ጊታር ልዛወር ነው፤ ቤዝ ስጫወት ማንም ልብ አይለኝም» ብለሻል። ደውዬ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስልክ ላይ ብዙም ሳትቆዪ «እሺ እማዬ፣ ገባኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ መጻፉን መረጥኩ። ይረዝማል፣ ቻይኝ።

ተዛወሪ ወይም አትዛወሪ ልልሽ አይደለም። ጣቱም ጊታሩም ያንቺ ነው። ከመወሰንሽ በፊት ግን አንድ ሰው በደንብ እንድትሰሚልኝ እፈልጋለሁ። ጆን ዲከን ይባላል፤ ኩዊን የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረው።

ኩዊን ሲባል ለሰው ሁሉ ቶሎ የሚመጣለት ፍሬዲ መርኩሪ ነው። ይገባዋል፤ እንደሱ ያለ ድምፅ ሁለተኛ አልሰማሁም። ቀጥሎ ጸጉረ ጨብራራው ጊታሪስት ብራያን ሜይ አለ። ከዚያ ድራም እየመታ ሰማይ የሚነካ ድምፅ የሚያወጣው ሮጀር ቴይለር። አራተኛውስ ማን ነው ስትይ ሰዉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ይጀምራል።

የሚያናድዱኝ ግን የረሱት ብቻ አይደሉም። የሚያደንቁትም ያናድዱኛል። «ዝምተኛው ዲከን»፣ «ትሑቱ ዲከን» እያሉ እንደ ጻድቅ ያደርጉታል። ዝምተኛ መሆኑስ እውነት ነው። ከአራቱ ውስጥ በኩዊን አልበሞች ላይ መሪ ድምፃዊ ሆኖ ያልዘፈነ እሱ ብቻ ነው። ግን ዝምታ በራሱ ምን ያስደንቃል? ዝም የሚል ቤዝ ተጫዋች ሞልቷል። ይህ ሰው የሚደነቀው ጆሮውን ስላመነ ነው። ያመነበትን ነገር ደግሞ በሦስት ጉልበተኛ ሙዚቀኞች መሃል ሆኖ ስላስፈጸመ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ከአራቱ ግትሩ እሱ ነበር።

አጀማመሩን ባጭሩ ልንገርሽ። እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ በ1951 ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ)። ልጅ እያለ የተጫወተበት ባንድ ውስጥ መጀመሪያ ሪትም ጊታር ነበር የያዘው፤ ወደ ቤዝ የዞረው በኋላ ነው። ያንቺ ተቃራኒ ማለት ነው። በ1969 ለንደን ገባና ቼልሲ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ተማረ። በከፍተኛ ማዕረግም ተመረቀ። ኩዊን በ1971 ሲቀበለው ገና 19 ዓመቱ ነበር። ሦስቱ ከሱ በፊት ሦስት ቤዝ ተጫዋቾች ሞክረው አልሆነላቸውም። እሱ ከገባ በኋላ ግን ፍሬዲ እስኪሞት ድረስ ከአራቱ አንድም ሰው አልተቀየረም። ሃያ ዓመት! የባንድ ጠብ ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂዋለሽ።

የመጀመሪያው አልበማቸው በ1973 ሲወጣ ስሙን ገልብጠው «ዲከን ጆን» ብለው አተሙት። ከዚያ በኋላ ይስተካከልልኝ አለ፤ ተስተካከለ።

የኤሌክትሮኒክስ ትምህርቱ ለጌጥ አልቀረም። አንድ ቀን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያገኛል። አንስቶ ወሰደው፤ ከአንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሳጥን ጋር ገጥሞ አምፕሊፋየር ሠራበት። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው የሚያስነሳው። የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ እንኳ የለውም። ብራያን ሜይ ጊታሩን ሰካበትና ወደደው። በ1975 አልበማቸው ላይ «ጉድ ካምፓኒ» የሚል ዘፈን አለ፤ መሃሉ ላይ ክላርኔትና ትሮምቦን ያለበት የጃዝ ባንድ የሚጫወት ይመስልሻል። ጃዝ ባንድ የለም። የሜይ ጊታር በዚያች ከቆሻሻ በተነሳች ዕቃ ውስጥ ሲያልፍ የወጣ ድምፅ ነው። ሰዉ «የሜይ ጊታር ድምፅ» እያለ የሚያደንቀው ነገር ውስጥ የቤዚስቱ እጅ አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚያው የ1975 አልበም ላይ «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ» የሚለውን ፈልጊ። ዲከን ለሚስቱ የጻፈው ነው። በኤሌክትሪክ ፒያኖ እንዲሠራ ፈለገ። ፍሬዲ ደግሞ ያንን መሣሪያ አይወደውም፤ ትልቁ ፒያኖ እያለ ይሄን አልነካም አለ። ዲከን ምን ያደረገ ይመስልሻል? ራሱ ተለማምዶ ራሱ ተጫወተው። ቤዙንም ፒያኖውንም አንድ ሰው ነው የሚጫወትልሽ። በጆሮ ማዳመጫ ስሚውና ቤዙን ብቻ ተከተይ። ከታች ሆኖ ምት ቆጥሮ አይቀመጥም። ፍሬዲ ትንፋሽ ሲወስድ ይገባል፣ ሲዘፍን ወደ ጎን ይላል፣ መስመር ሲያልቅ ይወጣና ይመልስለታል። ቤዙ ራሱ ሌላ ዘፋኝ ነው። እኔ ለዓመታት ዘፈኑን ስወደው የወደድኩት ይህንን ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ስም አልሰጠሁትም።

በጆሮ ማዳመጫ ያልኩሽ በምክንያት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ ወደ 41 ጊዜ ነው የሚርገበገበው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ጓደኞችሽ የባንዳችሁን ቅጂ በስልክ ሲሰሙ አንቺ ግማሽ በግማሽ የለሽም። «ማንም ልብ አይለኝም» ያልሽው ነገር በከፊል የድምፅ ማጉያ ጣጣ ነው። እነሱን ከመክሰስሽ በፊት ደህና ስፒከር ላይ አሰሚያቸው።

ወደ 1980 እንለፍ። ነገሩ እዚህ ላይ ይሞቃል። ያኔ የሮክ አድማጭ ዲስኮን እንደ ጠላት ነበር የሚያየው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቺካጎ ውስጥ በአንድ የቤዝቦል ስታዲየም ሰው ተሰብስቦ የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ አፈንድቷል። ቀልድ አይደለም። ልክ በዚህ ጊዜ ዲከን ሺክ የሚባለውን የዲስኮ ባንድ እየሰማ ነበር። ስቱዲዮአቸው ድረስ ሄዶ አብሯቸው ተቀምጧል። የነሱን ቤዚስት የበርናርድ ኤድዋርድስን አጨዋወት በደንብ አጥንቶ ተመለሰ። ለማን? በጊታር ጩኸት ለሚታወቅ የሮክ ባንድ።

ይዞ የመጣው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት»ን ነው። ዜማውም ግጥሙም የሱ ነው። ቤዙን፣ ሪትም ጊታሩን፣ ፒያኖውን፣ ጭብጨባውን ሳይቀር አብዛኛውን ራሱ ተጫወተው። ቴይለር ሐሳቡ አልጣመውም ነበር። ዲከን ደግሞ ድራሙ ማሚቶ የሌለው፣ ደረቅ እንዲሆን ፈለገ። ቴይለር ድራሙን በብርድ ልብስ አፍኖ መታለት። እየተነጫነጨ፣ ግን መታለት። ለዚህ ነው ግትር ያልኩሽ።

እስኪ ቤዙን አስቢው። አንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ ዝም። ዋናው ነገር ያ ዝምታ ነው። ብዙ ቤዚስት እዚያ ክፍተት ላይ ጣቱ ያሳክከዋል፤ የሆነ ነገር ካልጨመረ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። (አንቺም አለብሽ፣ ባለፈው የላክሽልኝ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።) ዲከን ክፍተቱን ተወው። አድማጩ ራሱ በጭንቅላቱ እየነቀነቀ ይሞላዋል።

ማይክል ጃክሰን ሲሰማው ነጥላችሁ አውጡት ብሎ መከራቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አሜሪካ ውስጥ ለሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ኩዊን በዘመኑ ሁሉ አሜሪካ ላይ አንደኛ የወጣባቸው ዘፈኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የፍሬዲ ነው፣ ሌላው የዚህ ሰው። ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 110 ምት ስለሆነ ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫን ሲያስተምሩም ይጠቀሙበታል። የሚመከረው ከ100 እስከ 120 ነውና ልክ መሃል ይወድቃል። ግጥሙ ስለ ተኩስና ስለ ሞት መሆኑን ለታማሚው አለመንገር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ከድምፃዊው ዴቪድ ቦዊ ጋር «አንደር ፕሬዠር»ን ሠሩ። የቤዙ ሐረግ ሰባት ምት ነው፤ ስድስቱ አንድ ድምፅ፣ ሰባተኛው ወረድ ያለ ሌላ ድምፅ። በቃ ይሄው ነው። ዘፈኑን በስም የማያውቅ ሰው እንኳ ያቺን ሰባት ምት ያውቃታል። ማን ፈጠራት በሚለው ላይ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። ዲከን ራሱ ተጠይቆ የቦዊ ናት ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይወስዳት ነበር።

ሁሉን አሳመረ እንዳልል፣ በ1982 የወጣውን «ሆት ስፔስ» የሚለውን አልበም ስሚው። የዲስኮው ነገር ሲሳካ ገፋበት፤ ፍሬዲም አብሮት ገፋ። ጊታሩ ወደ ኋላ ተሸጎጠ። «ባክ ቻት» በሚለው ዘፈኑ ላይ ጊታር ሶሎ ይግባ አይግባ ብለው ከሜይ ጋር ተከራክረዋል። በመጨረሻ ገባ። ሜይ ልክ ነበር፤ የዘፈኑ ጥሩ ቦታ እሱ ነው። ብዙ የኩዊን ወዳጅ ለዚያ አልበም ዲከንን እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም። እኔ ግን በዚህም እወደዋለሁ። ባንድን ወዴት እንደሚሄድ የሚገፋ ሰው አንዳንዴ ገደል አፋፍ ያደርሰዋል። «አጃቢ» የሚባል ሰው እዚያ ድረስ የመግፋት አቅም የለውም።

በ1984 ደግሞ እሱ የጻፈው «አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ» ወጣ። ቪዲዮውን ሳታዪው አትቀሪም፤ አራቱም የሴት ልብስ ለብሰው ቤት ውስጥ የሚውሉበት ነው። ያቺ ባለ ኮፍያዋ ኮስታራ አሮጊት ዲከን ነው። ሰዉ ሁሉ የፍሬዲን ጺምና የኤሌክትሪክ ቤት መጥረጊያውን ያስታውሳል፤ ዘፈኑ የአሮጊቷ ነው።

እነሱም ያወቁለት ይመስለኛል። የባንዱን ገንዘብና ውል አጥብቆ የሚከታተለው እሱ ነበር። በ1991 ፍሬዲ ሲሞት ከሦስቱ ኩዊን ማለት አበቃ የሚለው ስሜት የባሰበትም እሱ ነው። በ1992 ዌምብሌይ ላይ በተደረገው የመታሰቢያ ኮንሰርት ተጫወተ። በ1997 ፓሪስ መድረክ ላይ አንድ ጊዜ ከሜይና ከቴይለር ጋር ታየ። በዚያው ዓመት አንድ የመጨረሻ ዘፈን አብሯቸው ቀረጸና ሄደ። በ2001 ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ እንኳ አልመጣም። ሜይና ቴይለር ከዚያ በኋላ ከሌሎች ድምፃውያን ጋር ለዓመታት ዞረዋል። ጥሩ ተጫውተዋል፣ ሰዉም ሞልቶላቸዋል። ግን ከ1997 ወዲህ አዲስ ነገር ይዞ መጥቶ «ይሄን እንሞክር፣ ድራሙን በብርድ ልብስ አፍነው» የሚላቸው ሰው የላቸውም።

እንግዲህ ወዳንቺ። ጊታሪስታችሁ «ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር ትጫወቻለሽ» አለኝ ብለሻል። አንድ ዓይነት መጫወት ጥፋት አይደለም፤ የተመረጠው ነገር ጥሩ ከሆነ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለባንዱ አንድም ዘፈን አምጥተሽ ታውቂያለሽ? ቤዝ የያዘ ሰው ዘፈን አይጽፍም ያለሽ አለ? ያ ስልክሽ ውስጥ የተቀዳው፣ ለኔ ብቻ ያሰማሽኝ ዜማ የት ደረሰ? ሊድ ጊታር ላይ ከሆንሽ በኋላ አወጣዋለሁ ካልሽ ደስ ይለኛል። ግን እሱን ለማውጣት ጊታር መቀየር የግድ አይደለም። ፒያኖ አልነካም የሚልሽ ካለም ራስሽ ንኪው።

ጊታሩን የምር ከፈለግሽው ከፊሉን እኔ እከፍላለሁ። አባትሽ ደግሞ ቤዙን እንዳትሸጪው ብሏል። እሱ እንኳ መሣሪያው ያምራል ብሎ ነው እንጂ ከሙዚቃው ብዙም የለበትም። ለማንኛውም ቅዳሜ ልምምድ ስላላችሁ፣ ከዚያ በፊት «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ»ን ቤዙን እየተከተልሽ ስሚና ደውይልኝ። በየትኛው ቦታ ላይ ቤዙ ከፍሬዲ ቀድሞ እንደሚገባ እኔ ለይቻለሁ፤ አንቺ ካገኘሽው ጋር ይገጥም እንደሆነ እንይ።

እናትሽ